ብዙ ስም፣ አንድ ቤት

የልጆቻችሁን የመጽሐፍ መደርደሪያ ተመልከቱ። ከእንግሊዝኛዎቹ መጻሕፍት በአንዱ ላይ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ፣ በሌላው ላይ ፓፊን የተባለችው የባሕር ወፍ፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ፔንግዊን ታገኙ ይሆናል። ሦስት ምልክት፣ ሦስት ስም፤ ባለቤቱ ግን አንድ ነው። ስሙም ፔንግዊን ራንደም ሃውስ ይባላል።

ፔንግዊን የተወለደው በእንግሊዝ አገር ነው። አለን ሌን የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1934 ኤክሰተር ባቡር ጣቢያ ቆሞ የሚያነበው ደህና መጽሐፍ አጣ ይባላል። በቀጣዩ ዓመት አሥር ባለ ወረቀት ሽፋን መጻሕፍት አወጣ፤ የእያንዳንዱ ዋጋ ስድስት ፔንስ፣ የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ነበር። መጽሐፍ የሀብታም ቤት ጌጥ ብቻ መሆኑ እየቀረ ሄደ።

ራንደም ሃውስ ደግሞ አሜሪካዊ ነው። ቤኔት ሰርፍና ዶናልድ ክሎፕፈር እ.ኤ.አ. በ1925 ሞደርን ላይብረሪ የተባለውን የመጻሕፍት ዝርዝር ገዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ «እግረ መንገዳችንን እንዳጋጠመን ሌላም እናሳትም» ብለው ኩባንያውን በዚሁ ሐሳብ ሰየሙት። «ራንደም» ማለትም ያለ ምርጫ፣ እንደ ዕድል ማለት ነው። በ1998 የጀርመኑ በርተልስማን ገዛው። በ2013 ከፔንግዊን ጋር ተዋሐደ፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የበርተልስማን ሆነ።

አወቃቀሩ እንደ ትልቅ የቤተሰብ ግቢ ነው። በግቢው ውስጥ ከ300 በላይ የኅትመት ስሞች አሉ። ብዙዎቹ የየራሳቸው አርታዒያንና የየራሳቸው ምርጫ አላቸው፤ መጋዘኑ፣ ሽያጩና ሒሳቡ ግን በአብዛኛው የጋራ ነው። አሳታሚ ከማተሚያ ቤት ይለያል። በአገራችን ብዙ ደራሲ ለማሳተሚያ የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ እዚያ ግን አሳታሚው ለደራሲው ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፣ ወጪውንና ኪሳራውንም ራሱ ይሸከማል። አንድን ረቂቅ ብዙ አሳታሚዎች ሲፈልጉት ጨረታ ይነሣል፣ ደራሲውም ይጠቀማል።

የኛን ሰዎች እንይ። አዲስ አበባ የተወለደው ዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ያሳተመው ሪቨርሄድ በተባለው የፔንግዊን ክንፍ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደው ሐኪሙ አብርሃም ቨርጊዝ ደግሞ የከተማችንን ሆስፒታል ታሪክ የተረከበትን ልብ ወለድ በ2009 ያወጣው የራንደም ሃውስ ክንፍ በሆነው ክኖፍ ነው። ያኔ ሁለቱ ኩባንያዎች ተፎካካሪ ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም መጻሕፍት ከአንድ ግቢ ይወጣሉ።

ታዲያ ግቢው ሲሰፋ ፉክክሩ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይመን ኤንድ ሹስተር የተባለውን ሌላ ትልቅ አሳታሚ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊገዛ ተስማማ። የአሜሪካ መንግሥት የደራስያን ክፍያ ይቀንሳል ብሎ ከሰሰ። ኩባንያው ክንፎቻችን እርስ በርስ ይጫረታሉ ሲል ተከራከረ። ለመንግሥት የመሰከረው ደራሲው ስቲቨን ኪንግ ግን ይህ ባልና ሚስት አንድን ቤት ለመግዛት እርስ በርስ እንደሚጫረቱ ያህል ነው አለ። በጥቅምት 2022 ዳኛዋ ግዢውን አገዱ።

ነገሩ የባለሀብቶች ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። አንድ አርታዒ «አይሆንም» ያለውን ረቂቅ ሌላው ቤት «ይሁን» ሊለው ይችላል። የሚያንኳኩት በር ሲያንስ ልጆቻችን እጅ የሚደርሰው ታሪክም እየተመሳሰለ ይሄዳል።

በሚቀጥለው ጊዜ መጽሐፍ ስትገዙ ከልጆቻችሁ ጋር የርዕሱን ገጽ ገልብጡና ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። አሳታሚው ማን ነው? የማን ክንፍ ነው? ከዚያም በአቅራቢያችሁ ካለው መደብር የአንድ አነስተኛ አሳታሚ ወይም በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ደራሲ መጽሐፍ ጨምሩበት። መደርደሪያው የተለያየ ድምፅ ይኑረው።