የሀርጌሳ ቄራ እንፋሎት ከየትኛው እንጨት ይምጣ?

የሀርጌሳና የበርበራ ንግድ የቆመው በቁም እንስሳት ላይ ነው። አደጋውም እዚያው ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት በሯን ስትዘጋ፣ እገዳው የተነሳው በ2009 ነበር። በእነዚያ ዓመታት ጉዳቱ ከበርበራ ላኪ እስከ ኦጋዴን አርብቶ አደር ድረስ ዘልቋል። ስለዚህ አርዶ፣ አቀዝቅዞ መላክና ተረፈ ምርቱንም መሸጥ የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው። ይህ ሐሳብ ግን ሙቀት ይፈልጋል።

ለውጭ ገበያ የሚያርድ ቄራ ቢላዋ የሚያጸዳው በ82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ነው። አጥንትና የተወገደ ሥጋ ከጀርም ነጻ ሆኖ ዱቄት እንዲሆን በአውሮፓ ደንብ መሠረት 133 ዲግሪ ሙቀት፣ በ3 ባር የእንፋሎት ግፊት፣ ለ20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ይህን በናፍጣ መሥራት ማለት በመርከብ የሚመጣ ነዳጅ ዋጋ በወጣ ቁጥር ትርፍን ማቃጠል ነው። እንጨትና ሌላ ተረፈ ምርት የሚያነድ ቦይለር ለዚህ አማራጭ ይሆናል።

አማራጩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ስኳር ፋብሪካዎች፣ ከወንጂ ጀምሮ፣ የተጨመቀውን የአገዳ ገለባ አንድደው እንፋሎትም ኤሌክትሪክም ያመርታሉ። እነሱን የጠቀማቸው ግን ማገዶው ከፋብሪካው በር ውስጥ መገኘቱ ነው። አገዳው ለስኳር ይመጣል፣ ገለባው ይተርፋል፤ ለማገዶ ብሎ የሚቆረጥ ነገር የለም።

ቄራ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። የከብት እበትና የሆድ ዕቃ ትርፍ እርጥብ ነው። የደረቀ የበግና የፍየል በጠጥም አመዱ ብዙ ነው፤ በእሳት ማንደጃው ውስጥ ቀልጦ ይጋገራል። እነዚህ ለባዮጋዝና ለማዳበሪያ ይሻላሉ። ስለዚህ ማገዶው ከውጭ መግባት አለበት፤ ጥያቄውም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ሊነድ የሚገባው ፕሮሶፒስ ነው። ሶማሌዎች «ገረንዋ»፣ የማይታወቀው፣ ይሉታል። አፋር ውስጥ ግጦሹን እንደወረረው ሁሉ በሶማሌላንድም ደረቅ ወንዞችንና የሰፈር ዳርቻዎችን ይዟል። ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ፍሬውን የበላ ከብትም ዘሩን በእበቱ ይበትናል። እንጨቱ ግን ጠንካራና ጥሩ ማገዶ ነው። ከሰል ከማክሰል ይልቅ እንዳለ ማንደድም ይሻላል፤ በባህላዊ አከሳሰል ከእንጨቱ ጉልበት ከግማሽ በላዩ በጭስ ይጠፋል።

ችግሩ ቦይለር እንጨት አለመምረጡ ነው። ግዥው «በመኪና ይሄን ያህል» ተብሎ ከተጀመረ፣ አቅራቢው የሚያመጣው ለመቁረጥ የቀለለውን ነው። ፕሮሶፒስ እሾሃም ነው፣ ግንዱም የተጠላለፈ ነው፤ ግራር ግን ብቻውን ቆሞ ይገኛል። ግራር ደግሞ በበጋ የፍየልና የግመል መኖ፣ የመንጋም ጥላ ነው። ከሰል አክሳዮች ያሳሱትን ግራር ቄራ ከጨረሰው፣ የሥጋ ንግዱ የራሱን በግ መኖ አነደደ ማለት ነው።

ስለዚህ ቦይለሩ ከመገዛቱ በፊት የማገዶ ግዥው ውል መጻፍ አለበት። አንደኛ፣ ከፕሮሶፒስ በቀር ሌላ እንጨት የጫነ መኪና ከበር ይመለስ፤ ቅርፊቱን የሚያውቅ ሰው በር ላይ ይቁም። ሁለተኛ፣ ክፍያው በደረቅ ክብደት ይሁን። አየር ያደረቀው እንጨት 3 ኪሎው የአንድ ሊትር ናፍጣን ሥራ ይሠራል፤ እርጥቡ ግን ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በእርጥቡ የሚከፍል ቄራ ውኃ እየገዛ ነው። ሦስተኛ፣ ከክፍያው የተወሰነው ጉቶው ከመሬት በታች ተነቅሎ ሣር ሲዘራበት ብቻ ይከፈል። ያለዚያ ዛፉ ገቢ ይሆንና የሚያጠፋው ሳይሆን የሚንከባከበው ሰው ይበዛል።

«በዚያው ኤሌክትሪክም እናመንጭ» የሚሉ አሉ። በአነስተኛ የእንፋሎት ተርባይን ከማገዶው ጉልበት ወደ መብራት የሚለወጠው ከአሥር እጅ አንዱ ገደማ ነው። ፀሐይ ለማትጠፋበት ከተማ መብራቱን ለሶላር ትቶ ቦይለሩን ለሙቀት ብቻ ማዋል ይበልጣል። የማገዶው ፍላጎት ባነሰ መጠን በግራሩ ላይ የሚመጣው ፈተናም ያንሳል።

በዚህ ሥራ ባለሀብቱ ስለ ቦይለሩ ዋጋ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ጭሱ መጠየቁ አይቀርም። ላኪዎችና የአርብቶ አደር ሽማግሌዎች ደግሞ በር ላይ ስለሚቆመው ሚዛን ይጠይቁ፤ ማን ይመዝናል፣ ማንስ ይቆጣጠራል? መልሱ በጽሑፍ እስካልተሰጠ ድረስ ውሉን ባይፈርሙ ይሻላል።