ስለ ፍልፈልና ስለ ሣር ምድር

በግቢያችሁ የአትክልት ቦታ ያላችሁ ሁሉ ፍልፈልን ሳታውቁት አትቀሩም። ማታ ደኅና የነበረው የድንች መደብ ጧት አፈር ተቈልሎበት ሥሩም ተበልቶ ሲገኝ የቤቱ እመቤት ታዝናለች፤ አትክልተኛውም ዶማውን ይዞ ይወጣል። ልጆችም ይህን አይተው «ይህ አውሬ ለምን ተፈጠረ? ጥቅሙስ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የልጅ ጥያቄ በቍጣ የሚመለስ አይደለምና ስለዚሁ ነገር ዛሬ ጥቂት ቃል እንናገራለን።

በጓሮ ባየነው ብቻ ከመፍረዳችን አስቀድሞ ወደ ባሌ ተራሮች እንመልከት። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በሳነቴ ሜዳ፥ ጅብራ በሚበቅልበት በብርዱ አገር፥ በዓለም ላይ ከባሌ በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኝ ትልቅ ፍልፈል ይኖራል። የጀርመኑ ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1842 ዓ.ም. የሊቃውንት ስም ያወጣለት ይህ እንስሳ ክብደቱ እስከ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ዐይኖቹ ወደ አናቱ ከፍ ያሉ ስለ ሆኑ ከጕድጓዱ ብዙ ሳይወጣ ዙሪያውን ይመለከታል፤ በአጠገቡ ያለውንም ሣር ፈጥኖ አጭዶ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሥራውም እንዲህ ነው። በጥርሱ እየቈፈረ የታችኛውን አፈር ወደ ላይ ያወጣል፤ የተረገጠውም መሬት ይላላል። ወደ ጕድጓዱ ካስገባው ሣር የተረፈው ከፋንድያው ጋራ በስብሶ ለአፈሩ ማዳበሪያ ይሆናል። አዲስ በተቈለለውም አፈር ላይ፥ ጥቅጥቅ ባለው ሣር መካከል ቦታ ያጡ ትናንሽ ቅጠሎች ይበቅላሉ። ስለዚህ ሜዳው አንድ ዐይነት ሣር ብቻ የለበሰ ሳይሆን፥ እንደ ጥልፍ ልብስ ልዩ ልዩ ቡቃያ የተቀላቀለበት ይሆናል። ነገር ግን ዳገት በሆነ ስፍራ የተራቈተውን አፈር ጐርፍ ሊወስደው እንዲችል አንሸሽግም፤ ቍፋሮው ጥቅምም ጉዳትም አለውና።

ከዚህም በላይ የቀይ ቀበሮ ኑሮ በዚሁ ፍልፈል ላይ የተመሠረተ ነው። በባሌ ከፍተኛ ሜዳ ዋና ምግቡ እርሱ ነውና። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ ከእኩሌታው የሚበልጡት በባሌ ይኖራሉ። የሚግጠው ከብት እየበዛ ሣሩን ሲጨርሰው ፍልፈሉ ይራባል፤ ፍልፈሉ ቢጐድል ቀበሮው ይጐዳል። ከብቱን ተከትለው የሚወጡት ውሾችም በበኩላቸው የእብደት በሽታ ያመጡበታል።

እንግዲህ ለልጆቻችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ድንቻችንን ከጓሮ ፍልፈል መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በጓሮ የበደለን ሁሉ በተራራም በዳይ ነው ማለት አይገባም። አገር የማስተዳደር ዐደራ ያለባችሁም አንባቢዎቻችን የግጦሽና የሰፈራ ነገር በፊታችሁ በቀረበ ጊዜ ከምድር በታች የሚሠራውን ይህን ትንሽ ሠራተኛ እንዳትረሱት እናሳስባለን። ድምፅ የሌለው ባለጕዳይ አስታዋሽ ያስፈልገዋልና።