ለዓይን ሕግ፣ ለጆሮ ፍርፋሪ

በኮምፒዩተር በሚሠራው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አጉል ልማድ አለ። የብርጭቆው አወዳደቅና አሰባበር በፊዚክስ ሕግ ተሰልቶ በጥንቃቄ ይሣላል፤ ድምፁ ግን ሌላ ብርጭቆ በሌላ ቀን ሲሰበር ከተቀዳበት ክምችት ተመዝዞ ይለጠፍበታል። ለዓይን ሕግ፣ ለጆሮ ፍርፋሪ!

የልማዱ ጠበቆች «ተመልካቹ ልዩነቱን አያውቀውም» ይላሉ። ይህ ሕዝብን መናቅ ነው። እንስራ የሞላ ሰው ሁሉ ውሃው አፍ መድረሱን ሳያይ ከድምፁ መለወጥ ያውቃል። ጆሮ የነገሮችን ባሕርይ ሲያጠና የኖረ ምሁር ነው።

ድምፅ ከነገሩ ባሕርይ ይወለዳልና። የተመታ ብረት እንደ ቅርፁና እንደ ጥንካሬው ይርገበገባል፤ ርግብግብታው አየሩን ይገፋል፤ አየሩም ሞገዱን ለጆሮ ያደርሳል። የሚፈስ ውሃ ድምፅ በአመዛኙ በውስጡ ከታፈኑ የአየር አረፋዎች ይመነጫል። ትንሿ አረፋ ቀጭን፣ ትልቋ ወፍራም ድምፅ እንደምትሰጥ ማርሴል ሚናርት እ.ኤ.አ. በ1933 በቀመር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኮርኔል ዩኒቨርስቲዎቹ ቻንግሺ ዤንግና ዳግ ጄምስ ይህንኑ ዕውቀት በኮምፒዩተር ለሚሣል ውሃ ድምፅ ማፍለቂያ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ጄምስ በስታንፎርድ ከባልደረቦቹ ጋር፣ በሚንቀሳቀሱ ነገሮች ዙሪያ የሚሠራጨውን የአየር ሞገድ ራሱን የሚያሰላ ዘዴ አቀረበ።

ስሌቱ ከባድ ነው መባሉ እውነት ነው። ለሥዕሉ በሴኮንድ 24 ምስል ሲበቃ፣ ለድምፁ 44,100 ያህል ናሙና ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ የሥራ ክብደት ለስንፍና ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በሌላው ጫፍ የቆሙት ደግሞ «ስሌቱ ከተሟላ የድምፅ ባለሙያው ይሰናበት» ባዮች ናቸው። እነዚህም ከፊተኞቹ የተሻለ አላሰቡም። ስሙ ለሙያው መጠሪያ የሆነው የሆሊውዱ ጃክ ፎሊ የተዋናዩን አረማመድ በፊልሙ ላይ እየተመለከተ አብሮ ይራመድ ነበር። ስሌት ጫማ ወለል ሲነካ ምን እንደሚሰማ ይናገራል፤ የሐዘንተኛው ኮቴ ጎልቶ የዘበኛው ይደብዝዝ ብሎ ግን አይፈርድም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2012 በኮርኔል የጨርቅ ኮሽታን ያጠኑት ተመራማሪዎች ራሳቸው ከእውነተኛ ጨርቅ የተቀዱ ጥቃቅን ድምፆችን መቀጣጠል አስፈልጓቸዋል።

በመሆኑም ድምፅ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ይታቀድ። ባለሙያው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የሚጠራ ለጣፊ መሆኑ ይቅር፤ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ከሠዓሊውና ከቀመር አዋቂው እኩል ይቀመጥ። ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያስተምሩም ሁሉ ዓይንን በሚያሠለጥኑበት ትጋት ጆሮን ያሠልጥኑ።