የልብስ ሰፊው ልጅ ካደ ወይ?

ሰሞኑን በዶርም ክርክራችን አንድ ክስ እየተደጋገመ ነው፦ ቤኒ ጉድማን የድሃ ልጅ ሆኖ ሳለ ጃዝን ጥሎ የቱጃሮቹን ሞዛርት ይነፋ ጀመር፤ ስለዚህ መደቡን ክዷል! እስቲ ረጋ እንበል ጓዶች።

ሰውዬው በ1909 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ከስደተኛ አይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ከአሥራ ሁለት ልጆች ዘጠነኛው። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቄራም ሠርቷል። ክላርኔቱን እንኳ እሱ አልመረጠውም። ምኩራቡ ለልጆች መሣሪያ ሲያውስ ለታላላቅ ወንድሞቹ ቱባና ትራምፔት ተሰጠ፤ እሱ ትንሽ ስለነበር ቀላሉ ደረሰው። ቀጥሎ ፍራንዝ ሾፕ የተባለ መምህር በክላሲካሉ መንገድ አሠለጠነው። ጥቁሮቹ ጂሚ ኑንና በስተር ቤይሊም የዚሁ ሰው ተማሪዎች ነበሩ። ታዲያ ይህ ትምህርት የቱጃር ብቻ የሆነው መቼ ነው?

መክሰስ ካማራችሁ «የስዊንግ ንጉሥ» የሚለውን ዘውድ ክሰሱ። ባንዱን ካስነሱት ቅንብሮች ብዙዎቹ ምርጦች የፍሌቸር ሄንደርሰን ናቸው። ጥቁሩ ሄንደርሰን የራሱን ባንድ ማቆም ሲያቅተው ጉድማን ገዛቸው፤ ዘውዱ ግን ለነጩ ተጫነ። በ1936 ቴዲ ዊልሰንንና ላየነል ሃምፕተንን ከጎኑ አድርጎ አደባባይ መውጣቱ፣ በዚያ በዘር በተከፈለ አገር፣ ቀላል ድፍረት አይደለም። ዕዳውን ግን አይሰርዝለትም። በዚህ በኩል ብትመጡብኝ አፌን እይዝ ነበር።

«ጃዝን ጣለ» የሚለው ግን ወሬ ነው። በጥር 1938 ካርኔጊ አዳራሽን በጃዝ አናወጠው። በዚያው ዓመት የሞዛርትን ክላርኔት ኩንቴት ከቡዳፔስት ኳርቴት ጋር ቀረጸ፤ ከቫዮሊኒስቱ ሲጌቲ ጋር ሆኖም ባርቶክን «ኮንትራስትስ» አስጻፈ። ኋላ ሂንደሚትንና ኮፕላንድን ኮንቼርቶ አስጻፈ። የቱን ጥሎ የቱን አነሣ?

እኔን የሚገርመኝ 1949 ነው። አርባ ዓመቱ፣ ስሙ ዓለምን የሞላ ሰው፣ ክላርኔቱን ይዞ ሬጂናልድ ኬል ዘንድ ተማሪ ሆኖ ቀረበ! የአፉን አያያዝ ሳይቀር ለወጠ። ለነፊ ይህ ማለት እኛ ነገ በግራ እጃችን ፈተና እንደ መጻፍ ነው። (እኛ ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ሳንጨርስ ለመምህሩ እንስቃለን።) የቀድሞው ሙቀቱ ቀነሰ ያሉ አሉ፤ ይሆናል። ለቱጃር ለማጎብደድ ግን እንዲህ ያለ ድካም ማን ይገባል? የድሮውን ዜማ እየደገሙ ገንዘብ መልቀም ይቀል ነበር።

በሚቀጥለው እትም መልስ እጠብቃለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን የ1938ቱን ሁለቱንም ቅጂ፣ ካርኔጊውንም ሞዛርቱንም፣ ስሙ።