የቆመውም ሕንፃ አርክቴክት ይፈልጋል

አርክቴክቸር አምስት ዓመት ተምሮ የተመረቀ ልጅ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ዓይኑን የሚጥለው በአማካሪ ድርጅቶች የዲዛይን ክፍል ላይ ነው። እዚያ ካልተሳካለት ሌሊቱን ለሌላ ሰው ሬንደር (በኮምፒውተር የሚሣል የሕንፃ ምስል) ሲሠራ ያነጋል፤ ሲብስበትም ሙያውን ይተዋል። ሲሚንቶ ሲወደድና ብድር ሲጠፋ ደግሞ ቀድሞ ቅጥር የሚያቆመው ይኸው ክፍል ነው። ለእነዚህ ልጆች የምለው አለኝ፤ ዘንድሮ ከሚጀመረው ሕንፃ ይልቅ ተሠርቶ የቆመው እጅግ ይበልጣል፤ እሱም ባለሙያ ይሻል።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነገሩን ያውቀዋል። የላይኛው ቤት መታጠቢያ ያፈሳል፤ የታችኛው ጣሪያ ይጠቁራል፣ ቀለሙ ይላጣል። የቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፣ ሴራሚክ ይነቀላል፣ ይለጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ያው ይሆናል። ውኃው የሚመጣው ከቧንቧው መገጣጠሚያ ነው ወይስ ከውጭው ግድግዳ ስንጥቅ? ፕላኑን ገልጦ፣ ለክቶ፣ የቱ ቀድሞ እንደሚጠገንና ምን ያህል እንደሚያስወጣ ጽፎ ለብሎኩ ኮሚቴ የሚያቀርብ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህን ሥራ አንድ ወጣት አርክቴክት ከአንድ መሐንዲስ ጋር ሆኖ ሊይዘው ይችላል።

ከፍ ባለው ደረጃ አዲስ አበባ ያለውን አፍሪካ አዳራሽን እንይ። ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው ይህ ሕንፃ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በ2024 ዳግም ተከፍቷል። በውስጡ ያለው የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ብቻውን 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ያንን ሳይነኩ ሕንፃውን የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ማድረግ ረቂቅ ሙያ ነው። የእድሳቱን ዲዛይን የመራው ግን የአውስትራሊያ ድርጅት ነበር። በደጃችን ላለ ሥራ መሪው ከሩቅ ሲመጣ ሊቆጨን ይገባል።

መንገዱን ያሳዩን የራሳችን ሰዎች አሉ። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒስ ዤራር ጋር የአዲስ አበባን ጥንታዊ ሕንፃዎች በመጽሐፍ ሰንደዋል። በመጽሐፉ ከተሰነዱት ቤቶች መካከል ዛሬ የሌሉ ብዙ ናቸው። እንግዲህ ለክቶ መሰነድም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ጎንደርና ሐረርም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶቻችን ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ አንዱን ስቱዲዮ ለነባር ሕንፃ ይስጡ። ተማሪው በክረምት ከግንበኛና ከአናጢ ጋር ይዋል፤ ጭቃና ኖራ፣ ድንጋይና እንጨት በእጁ ይወቅ። ለቅጥር በሚያቀርበው ፖርትፎሊዮ ውስጥ ከሚያማምሩት ሥዕሎች ጎን በራሱ ሜትር የለካው አንድ አሮጌ ቤትና የጥገና ግምቱ ይኑርበት። ክፍያው መጀመሪያ ላይ አነስ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ዝናብ በየክረምቱ ይዘንባል፣ ጣሪያ በየዓመቱ ያረጃል፤ ይህን ሥራ የያዘ ልጅ የግንባታ ገበያው ቢቀዘቅዝም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።