የዲኮር መዋጮ ይብቃን፣ የራሳችን ሳጥን ይኑረን

እህቶቼ፣ ዛሬ የማነሳው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የዲኮር ጉዳይ ነው። ሰርግ ሲኖር፣ ኢድ ሲደርስ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ወይም አንዷ ኹሩጅ ወጥቶላት ወደ አገሯ ስትሸኝ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ዲኮሩን ማን ይሥራው?» ሆኗል። ቀጥሎ መዋጮው ይመጣል። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። አዳራሻችን ይዋብ፣ ግን በኪራይ ዲኮር ሳይሆን ማኅበራችን በሚያስቀምጠው ሳጥንና በገዛ እጃችን ይዋብ።

ዲኮር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እዚህ ኩዳይ ለዝግጅት የምንከራየው ቤት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ነጭ ግድግዳ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ መብራት፣ ያረጀ ምንጣፍ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የተደረደረ የዓረብ መጅሊስ፣ የሚጮህ ኤሲ። እንዲሁ ሲገቡበት ኤጀንሲ ቢሮ ወረፋ የያዙ ያስመስላል። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሰው ቤት ስናስውብ የምንከርም ሰዎች ነን። የማዳም እንግዳ ሲመጣ አበባውን የምናስተካክለው፣ ረመዳን ሲገባ ፋኖሱን የምንሰቅለው እኛ ነን። ለራሳችን ቀን ሲሆን ባዶ ግድግዳ ሥር እንቀመጥ ማለት አይቻልም።

ግን አገራችን እያለን ባዶ ቦታን እንዴት ነበር የምናስውበው? ገጠር ሰርግ ሲደገስ ጎረምሳው እንጨት ተክሎ ዳስ ይጥላል፣ በቅጠል ይሸፍናል፤ ሴቶቹ ቄጤማ ይጎዘጉዛሉ። ከተማ ላይ ደግሞ እድር አለ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳህኑ የእድሩ ንብረት ነው። አባል የሆነ ሁሉ ጉዳይ ሲገጥመው ያወጣል፣ ሲጨርስ ቆጥሮ ይመልሳል። ሐረር የሄደችም ታውቃለች፤ በባህላዊው የሐረሪ ቤት ግድግዳውን የሚያስውበው የተሰቀለው በቀለም ያሸበረቀ ስፌትና ሳህን ነው። ስፌቱ የቤቱ ሴቶች የእጅ ሥራ ነው፤ ከዝግጅት በኋላ በመኪና ተጭኖ የሚሄድ አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዲኮር የሚሠራው ሰው 1,500 ሪያል ጠየቀ እንበል። ሠላሳ ሴቶች ብንሆን ለአንዷ 50 ሪያል ይደርሳታል። የቤቱ ኪራይና የምግቡ ሲጨመርበት 150 ሪያል ሆነ እንበል። ደሞዝሽ 1,000 ሪያል ከሆነ ይሄ የአራት ቀን ተኩል ሥራሽ ነው። በለውጡ ያገኘነው የፕላስቲክ አበባ፣ የፊኛ ቅስትና ወርቃማ ወንበር ሌሊቱን ተነቅሎ ለሌላ ሰርግ ይሄዳል። በዓመት አራት ጊዜ ከተዘጋጀን ለዲኮር ብቻ 6,000 ሪያል ወጣ ማለት ነው። ይሄ ብር በማኅበሩ ካዝና ቢኖር ስንት እህት የትኬት በሸኘን፣ ስንቷን ባሳከምን!

ከብሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መክፈል ያልቻለችዋ እህት ነች። እሷ አትመጣም። ደሞዝ ሦስት ወር የተያዘባት፣ ገና የመጣችና የደላላ ዕዳ ያለባት፣ ታማ ሥራ ያቆመች፣ «የለኝም» አትልም። «ማዳም አልለቀቀችኝም» ትላለች። እኛም «እሺ፣ አብሽሪ» ብለን እናልፋለን። ሰው ማየት፣ አማርኛ መስማት፣ ችግሯን ለአንዷ ሹክ ማለት ከሁላችንም በላይ የሚያስፈልጋት እሷ ነበረች። ማኅበሩን ያቋቋምነውም ለእንደሷ ያለችው ነው። ዲኮራችን እሷን የሚያስቀር ከሆነ፣ የተዋበው ቤት ለማን ነው?

ሳጥኑ ውስጥ ምን ይኑር ለምትሉኝ፣ አራቱንም ግድግዳ ለማልበስ አትድከሙ። ሰው ሲገባ ዓይኑ የሚያርፍበትን አንድ ግድግዳ ምረጡ። ጨርቅ እጥፋት ኖሮት እንዲወርድ ከግድግዳው ስፋት እጥፍ መሆን አለበት። ለሦስት ሜትር ግድግዳ፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል፣ የጨርቁ ወርድ ሜትር ተኩል ከሆነ 10 ሜትር ይበቃል። ነጭ ወይም ክሬም ይሁን፤ ለሰርግም ለሽኝትም ለኢድም ይሆናል። መሐሉ ላይ ጥለት ያለው ነጠላ ብታወርዱበት ሌላ ጌጥ አያሻውም። ጨርቁን ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፤ ፕላስተር ቀለሙን ይዞ ይነሳና መያዣ ያስያዛችሁትን ብር ያስቀራችኋል። የልብስ መስቀያ ብረት ሁለት ገዝቶ እሱ ላይ መስቀል ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው። ያ ነጭ መብራት ጠፍቶ ቢጫ የገመድ መብራትና ሁለት የቁም መብራት ሲበራ ቤቱ ወዲያው ይለወጣል፤ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ሦስተኛው የቡናው ቦታ። ቄጤማ የለም፤ በሜትር የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ሣር አለ። እሱ ላይ ረከቦቱ፣ ጀበናው፣ ስኒው፣ ከጎኑ ሰፌድና መሶብ። ለሽታው ደግሞ ገበያ ላይ በእስር የሚሸጠውን ናዕናዕና ሪሃን ገዝታችሁ በብርጭቆ ውኃ ጠረጴዛው ላይ አድርጉት። ከፕላስቲክ አበባ ይልቅ እሱ ቤት ቤት ይሸታል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። ኤሲ ተከፍቶ መስኮት በተዘጋበት ቤት ከሰል አታያይዙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታትና ማዞር ያመጣል፣ ሳይታወቅም ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ እጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ አድርጉት። ባንዲራን በተመለከተ፣ የሳዑዲ ባንዲራ ሸሃዳ የተጻፈበት ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ አይነጠፍም፣ መሬት አይነካም፣ ለጌጥ አይሆንም። የእኛን ደግሞ «ልሙጡ ነው፣ ኮከብ ያለበት ነው» በሚል ስንት ደስታ ሲበላሽ አይተናል። ባንዲራ ባይሰቀል ሰርጉ አይጎድልም፣ የነጠላው ጥለት ይበቃናል። ፎቶም ያቺ የተዋበችው ግድግዳ ጋር ብቻ ይነሳ። ኢቃማዋ ያልተስተካከለ፣ ወይም ከቤት መውጣቷን ማንም እንዲያውቅባት የማትፈልግ እህት ከኋላ ገብታ ቲክቶክ ላይ እንዳትወጣ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ስድስት ቀን ሰው ቤት ሠርተን በእረፍታችን ደግሞ ጨርቅ እንስቀል?» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ የሳምንት እረፍት በሕግ ቢጻፍልንም ሙሉ ቀን የምታገኝ ጥቂት ናት። ለዚህ ነው በዙር ይሁን የምለው። አምስት ሴት ከሆነ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ደግሞ ማዳም «ቶሎ በይ» ሳትል፣ ጀበናው ተጥዶ እየተሳሳቁ መሥራት የሥራ ያህል አይከብድም። «ሰርግ የዕድሜ ልክ አንዴ ነው፣ እኔ ትልቁን ዲኮር እፈልጋለሁ» የምትል ሙሽራም አለች። መብቷ ነው፣ ከራሷ ታውጣ። በማኅበር መዋጮ ግን አይሁን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ይሄን እንወስን። አንደኛ፣ ለሳጥኑ መግዣ አንድ ጊዜ ብቻ 20 ሪያል እናዋጣ፤ ያልቻለች ትለፍ። ጨርቁን ጅዳ ያሉ እህቶች በለድ ካሉት የጨርቅ ሱቆች፣ መብራትና ጥቃቅኑን ከሁለት ሪያል ሱቅ እንግዛ። ሁለተኛ፣ ሳጥኑ ቤት ተከራይታ በምትኖር እህት ዘንድ ይቀመጥ፤ አሠሪ ቤት የምታድር ልታስቀምጠው አትችልም። መዝገቡን ደግሞ እንደ እቁብ ጸሐፊ ሌላዋ ትያዝ። ያወጣች ትፈርም፣ ስትመልስ ይቆጠር፣ የቀደደች ትተካ። ሦስተኛ፣ ከአሁን በኋላ ለማንኛውም ዝግጅት የሚጠየቀው መዋጮ ለቤት ኪራይና ለምግብ ብቻ ይሁን፣ እሱንም የማትችል እህት ሳትጠየቅ ትግባ።

የማትስማሙ ካላችሁ በስብሰባው ተናገሩ፣ እሰማለሁ። የምትስማሙ ደግሞ ቤታችሁ ትርፍ ነጠላ፣ ሰፌድ ወይም የማትጠቀሙበት ረከቦት ካለ ይዛችሁ ኑ። ሳጥኑን ከዚያው እንጀምረው።