ነብር በጅምላ አይቈጠርም

የነብር ነገር በተነሣ ቍጥር ከሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ስንት ቀሩ?» የሚል ነው። ነብር ስንል በአገራችን ገደልና ጫካ የሚኖረውን ባለ ነጠብጣቡን ማለታችን አይደለም፤ በእስያ የሚገኘውን፥ ፈረንጆች ታይገር የሚሉትን ባለ መሥመሩን ነው። ጥያቄው መልካም ነው። ይሁን እንጂ ብቻውን ሲጠየቅ መልሱ ከሚገልጸው ይልቅ የሚሸፍነው ይበዛል ብለን ስለምናምን፥ የተማሪ ጓደኞቻችን እንዲያስቡበት ይህን አስተያየት እናቀርባለን።

ከቍጥሩ እንነሣ። በሕንድ አገር በ2006 በተደረገው ቈጠራ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የነብሮቹ ግምት 1,411 ነበር፤ በ2022 ግን 3,682 ደረሰ። ይህ ብዙ የተደከመበት ሥራ ነውና የደከሙትን ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ነብር እንደ በግ በአንድ መስክ ተሰብስቦ አይውልም። ይህ ቍጥር በየጫካው ተበታትነው የሚኖሩ ብዙ ትንንሽ ወገኖች ድምር ነው፤ አንዱ ጫካ ሞልቶ ሲፈስ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል።

በአንዱ ጫካ ውስጥ ያለውን አኗኗር ስንመለከት፥ እያንዳንዷ እንስት የራስዋን ክልል ይዛ ትኖራለች። ወንዱም የሁለት የሦስት እንስቶችን ክልል የሚያካትት ሰፊ ግዛት ይይዛል። ሴቷ ልጅ ስታድግ ብዙውን ጊዜ ከእናትዋ አጠገብ ትሰፍራለች፤ ወንዱ ልጅ ግን የራሱን ቦታ ፍለጋ ርቆ ይሄዳል። እንግዲህ በአንድ ጫካ አሥር ነብር አለ ቢባል፥ ከአሥሩ ስንቷ ወላድ ናት? ስንቱስ ክልል ያላገኘ መንገደኛ ነው? ከዚህም በላይ ባለ ክልሉ ወንድ በሕገ ወጥ አዳኝ እጅ ቢወድቅ፥ በእርሱ ቦታ የሚተካው እንግዳ ወንድ ብዙ ጊዜ የፊተኛውን ደቦሎች ይገድላል። ስለዚህ አዳኙ አንዱን ሲጥል ጫካው ሦስትና አራት ያጣል።

ከጫካ ወደ ጫካ ያለው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በራጃስታን የሚገኘው ሳሪስካ ለነብር የተከለለ ሥፍራ ሆኖ ሳለ፥ በ2004ና በ2005 መካከል አንድም ነብር እንዳልቀረበት ታወቀ። ከጎረቤት ጫካ በእግሩ መጥቶ ባዶውን የሚሞላ ስላልተገኘ፥ በ2008 ከራንታምቦር ነብር በሄሊኮፕተር አስጭኖ ማምጣት ግድ ሆነ። በኦዲሻ በሲሚሊፓል ጫካ ደግሞ መሥመራቸው ከመስፋቱ የተነሣ ጥቁር የሚመስሉ ነብሮች አሉ። በ2021 የታተመ ጥናት ምክንያቱ የአንድ ጂን ለውጥ መሆኑን ገልጾ፥ የበዛውም ወገኑ ጥቂት ሆኖ ከሌሎች ተለይቶ ስለኖረና ዘመድ ከዘመድ ስለተዋለደ መሆኑን አስረድቷል። ጎብኚ በመልካቸው ይደነቃል፤ መልካቸው ግን መንገድ የተዘጋበት ጫካ ምልክት ነው።

የአንዱን መንገደኛ ታሪክ እንጨምር። በ2019 ከማሃራሽትራ ከቲፔሽዋር ጫካ አንድ ወጣት ወንድ ነብር ተነሣ። አንገቱ ላይ ራዲዮ ታስሮለት ስለነበር እርምጃው ሁሉ ይታወቅ ነበር። በዘጠኝ ወር ውስጥ በእርሻና በመንደር፥ በአውራ ጎዳናና በወንዝ አድርጎ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ድኛንጋንጋ ከሚባል ጫካ ገባ፤ በዚያም እንስት አልነበረችም። ይህ ነብር በቈጠራ መዝገብ አንድ ተብሎ ይጻፋል፤ ለዘሩ ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ቀረ።

«ነገሩን አታወሳስቡት፤ ሹምንም ሕዝብንም የሚያነሣሣ ቀላል ቍጥር ነው» የሚሉን ይኖራሉ። እውነትም አላቸው። በ2010 በሴንት ፒተርስበርግ 13 ባለ ነብር አገሮች እስከ 2022 ድረስ ነብሮቻቸውን እጥፍ ለማድረግ የተስማሙት ቍጥሩ አጭርና ግልጥ ስለነበረ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። ነገር ግን ከ13ቱ አንዷ ካምቦዲያ ናት። በካምቦዲያ ነብር ለመጨረሻ ጊዜ በካሜራ የታየው በ2007 ሲሆን፥ በ2016 የሚዋለድ ነብር እንደሌለ በይፋ ተነገረ። የሕንድ ነብር ሲበዛ የካምቦዲያ ጫካ ባዶነት በድምሩ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። ድምሩ ሲያድግ አገር ሙሉ ነብር ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንሻም።

ስለዚህ ጠቅላላው ቍጥር ሲነገር ሦስት ነገር አብሮት እንዲነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ በየጫካው ያሉት ወላድ እንስቶች፤ ሁለተኛ፥ ለአቅመ መውለድ የሚደርሱት ደቦሎች፤ ሦስተኛ፥ ከጫካ ወደ ጫካ የሚያደርሱት መተላለፊያዎች ክፍት መሆናቸው። ይህ የማይቻል አይደለም። በፔንች ጫካ በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ሥር መሹለኪያ ተሠርቶ ነብሮች ሲያልፉበት በካሜራ ታይተዋል። ነገር ግን መተላለፊያው በአብዛኛው የገበሬ መንደርና ማሳ ነው። ከብቱ ለተበላበት፥ ልጁን ወደ ጫካ ዳር ለመላክ ለሚሰጋ ሰው ካሳው በጊዜ ካልደረሰውና በምክሩ ካልገባ፥ በካርታ ላይ የተሠመረው መንገድ በካርታ ላይ ይቀራል።

ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ሪፖርት የምንጽፈውም የምንፈርመውም እኛው ነን። አንድ ትልቅ ድምር በፊታችን ሲቀርብልን ከማጨብጨባችን በፊት ድምሩን በትነን፥ ወላዱ የት እንዳለ፥ መንገዱስ የት ላይ እንደ ተቈረጠ መጠየቅን ከአሁኑ እንልመድ።